የሊናዋን ኮሌጅ ሸሚዞች

ማም ሚነርቫ ፓጉንሳን የሊናዋንን የዓሣ ሀብት ኮሌጅ እንዲመሩ የተደረገው ሌላ ሰው እስኪገኝ ብቻ ነበር። የቀድሞው ኃላፊ ጡረታ ሲወጡ ከማኒላ አንድ ወረቀት መጣ፤ «ተጠባባቂ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ማንም አልመጣም። ማንስ ይመጣል? ደሴታችን ለመድረስ አውቶቡስ፣ ከዚያ መርከብ፣ ከዚያ ደግሞ ማዕበሉ ከፈቀደ ትንሽ ጀልባ ነው። ዶክትሬት ያለው ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደዚያኛው አቅጣጫ ነው። እናም እሳቸው በተጠባባቂነት ሸበቱ።

እኔ ዲቪና እባላለሁ፤ የኮሌጁ ሬጅስትራር ነበርኩ። የእኔንና የእሳቸውን ቢሮ የሚለየው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ስለነበር ስልክ ሲያወሩም፣ ወንበር ሲስቡም እሰማለሁ። «ዳይ» ይሉኛል፤ እኛ አገር ታናሽ ሴት እንዲህ ነው የምትጠራው፣ እሷ ራሷ የልጅ ልጅ ብታይም።

ሰው ስለ እሳቸው ሲያወራ «ድንጋይ ናቸው» ይላል። ባላቸው ኤሊሴዮ የመርከብ መካኒክ ነበር፤ የራሳችን ኮሌጅ ምሩቅ። ስኳር በጫነ መርከብ ላይ፣ ሞተር ክፍል ውስጥ እንዳለ ልቡ ቆመ። አስከሬኑ እስኪመጣ ሳምንታት ፈጀ። በተቀበረ ማግስት ማም ሚነርቫን የአንደኛ ዓመት የኬሚስትሪ ክፍል ገብተው ሰሌዳ ሲያጠፉ አየናቸው። ብዙ ሰው መደንዘዛቸው ከዚያ ቀን ይጀምራል ይላል። እኔ አይመስለኝም። ያኔ ያለቅሱ ነበር፤ መጸዳጃ ቤት ገብተው፣ ቧንቧ ከፍተው፣ ቀስ ብለው ያለቅሳሉ። መደንዘዙ የመጣው በኋላ ነው፤ በጀት በጀት ሲባል፣ እንደ ቅዝቃዜ ከእግር ጀምሮ እየወጣ።

መጀመሪያ የሄደብን መለማመጃ ጀልባችን ነው። ነዳጅ የለም ተባለ፤ ዳር ላይ ታስሮ ከረመ፤ ከዚያ ለቁራሊዮ ነጋዴ ተሸጠ። ተማሪዎቹ ከባሕሩ ዳር ቆመው ሲፈርስ ተመለከቱ፤ አንዳንዶቹም ብሎን ለቅመው ለማስታወሻ ኪሳቸው ከተቱ። በሚቀጥለው ዓመት ዘበኛው ቀረ። ከዚያ ከሰዓት በኋላ መብራት ይጥፋ ተባለ። እያንዳንዱን ነገር ሲቆርጡ ማም ሚነርቫ ሰብስበው ይነግሩናል፤ ድምፃቸው አይወጣም አይወርድም፤ «ከሰኞ ጀምሮ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ስድስት ሰዓት ነው» ብለው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ እንጮህ ነበር። ኋላ እኛም ተውነው።

በየዓመቱ ደግሞ በጀት ለመከራከር ማኒላ ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ሲመለሱ ምን እንደተባሉ ጠየቅኳቸው። ቀኑን ሙሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ማምሻውን ተጠሩ። አንድ የምክር ቤት አባል ማይክሮፎኑን አንስቶ «ከእኔ በኩል ጥያቄ የለም። ክብርት ኃላፊዋ ከሩቅ ደሴት ነው የመጡት፤ እናመስግናቸው» አለ።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«አጨበጨቡልኝ» አሉና የያዙትን ሩዝ መብላት ቀጠሉ። በጀቱ በዚያ ዓመትም ተቀንሷል።

የቀድሞ ተማሪዎቻችን ክፉዎች አይደሉም። እንዲያውም ሰጪዎች ናቸው። የከተማው ክብረ በዓል ሲደርስ ከየመርከቡ፣ ከየዓረብ አገሩ፣ ከሆንግ ኮንግ ይመጣሉ፤ ባች በባች ሆነው አንድ ዓይነት ቲሸርት አሠርተው ይጨፍራሉ። የሚሰጡት ነገር ግን ስም የሚጻፍበት መሆን አለበት። ግቢያችን ውስጥ ስም የሌለበት አግዳሚ ወንበር አይገኝም። የዝናብ መጠለያው የአንዱ ባች ነው፤ ጣሪያው ላይ ስማቸው ከጣሪያው ይበልጣል። የሲሚንቶ በር ብቻ ሦስት አለን። የቤተ ሙከራው ቆርቆሮ ሲያፈስ፣ ደረጃው ሲሰበር፣ ለመብራት ሲያንሰን ግን ማንም የለም። አምፖል ላይ ስም አይጻፍማ።

የከፋው ነገር የመጣው የኮንትራት መምህራን ደመወዝ በሙሉ ከበጀቱ የወጣ ጊዜ ነው። ከመምህራኖቻችን ግማሽ የሚሆኑት የኮንትራት ነበሩ። ማም ሚነርቫ አንድ በአንድ ጠርተው ነገሯቸው። እኔ ከግድግዳው ማዶ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ፤ ማንንም ከማንም ሳያስበልጡ በአንድ ቃል ተናገሩ። መጨረሻ ላይ ጆቬንስዮን ጠሩት፤ ሁላችንም ጆቨን ነው የምንለው። የዓሣ እርባታ ያስተምራል። የእሳቸው ተማሪ ነበር፤ ከተመረቀ ጀምሮ በኮንትራት እያስተማረ ጎልማሳ ሆኗል።

«ተቀመጥ፣ ጆቨን።»

«ቆሜ ልስማው ማም። ተቀምጬ ጥሩ ነገር ሰምቼ አላውቅም።»

«ከሰኔ በኋላ ኮንትራትህ አይታደስም። የማንም አይታደስም።»

 በሩ ገርበብ ያለ ስለነበር ከቦት ጫማው የኩሬ ጭቃ ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ ይታየኛል።

«ጫጩቶቹስ?» አለ።

«የምን ጫጩቶች?»

«የባንጉሱ ዓሣ ጫጩቶች። ትናንት ነው ኩሬ የገቡት። ሰው ካልመገባቸው ያልቃሉ።»

«እሱን አላሰብኩትም» አሉ።

«ግድ የለም፣ እኔ አስብበታለሁ።» ኮፍያውን አነሳ። «ማም፣ ምሳ በልተዋል?»

«በልቻለሁ።»

አልበሉም። ምሳቸው በሙዝ ቅጠል እንደተጠቀለለ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ማታ ለድመት ሰጠሁት። ጆቨን ከሰኔ በኋላም በየጠዋቱ እየመጣ ጫጩቶቹን ይመግብ ጀመር። ማንም ና አላለውም፤ ማንም ሂድ አላለውም።

ያን ጊዜ ነው ወደ ሬይናንቴ ሶሊዱም የሄድነው። ሬይናንቴ የእኛ ምሩቅ ነው፤ ኢሎኢሎ ከተማ ውስጥ የበረዶ ፋብሪካና የሰርዲን ማሸጊያ አለው። ቢሮው ሲያስገባን ከወንበሩ ተነስቶ የማም ሚነርቫን እጅ ያዘና ግንባሩን አስነካ፤ ለመምህር እንደሚገባው።

«ማም፣ ኬሚስትሪ የጣሉኝ ትዝ ይልዎታል?»

«ሁለት ጊዜ ጥዬሃለሁ።»

«ሦስት ጊዜ ነው ማም፤ አያሳንሱብኝ። ለዚህ ነው ሀብታም የሆንኩት። ባልፍ ኖሮኮ ይሄኔ አስተማሪ ነበርኩ።»

የእሱ ጸሐፊ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ማም ሚነርቫ ውኃቸውን ጠጡ። ሬይናንቴ ከመሳቢያው አንድ ሥዕል አወጣ፤ የመግቢያ በር ነው፤ ከላይ ሁለት ዓሦች አፍ ለአፍ ገጥመው ይዘላሉ፤ ከሥራቸው በወርቅ ቀለም ስሙ።

«በር አለን» አሉ ማም ሚነርቫ። «ሦስት አለን። አጥር ግን የለንም። ፍየሎቹ በበሩ አይገቡም ሬይናንቴ፤ በጎን ነው የሚገቡት።»

«አጥር ማን ያነባል ማም?»

«አጥርም አልፈልግም። የምፈልገው የመምህራን ደመወዝ ነው።»

ሰውየው ሥዕሉን ቀስ ብሎ አጠፈው። «ማም፣ እኔኮ እወድዎታለሁ። ግን ደመወዝ ተበልቶ የሚያልቅ ነገር ነው። ሰውየው ገበያ ሄዶ ሩዝ ገዛበት፤ አለቀ። የእኔ ስም የታል? እናቴ እዚያው ደሴቱ ላይ አለች። ማንበብ አልተማረችም፤ ለይታ የምታውቀው የእኔን ስም ብቻ ነው። የሆነ ቦታ ተጽፎ ብታይልኝ ነው የምወደው።»

ማም ሚነርቫ ዞር አሉ። በመስታወቱ በኩል ሠራተኞቹ ካርቶን ሲደረድሩ ይታያሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቢጫ ሸሚዝ ለብሰዋል።

«እነዚያ ልጆች ጀርባ ላይ ምንድን ነው የተጻፈው?»

«የድርጅቴ ስም ነው።»

«መምህራኑም ይልበሱት።»

ሬይናንቴ ሊስቅ አፉን ከፈተና ወደ እኔ ዞረ። «ማናንግ» አለኝ፤ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ «ማም እየቀለዱ ነው?»

እየቀለዱ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። እሳቸውም የመርከብ መነሻ ሰዓት እንደሚያነብ ሰው ቀጠሉ፤ «በር ቆሞ ይቀራል። መምህር ገበያ ይሄዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። በእናትህ ደጃፍም ያልፋል።»

ሰውየው ብዙ አሰበ። ከዚያ «እሺ» አለ።

ስንመለስ መርከቡ ላይ «ማም፣ መምህራኑ ምን ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አይወዱትም።»

«ታዲያ?»

«ሩዝ ይገዙበታል፣ ዳይ» አሉና ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሸሚዞቹ ከሰርዲን ካርቶን ጋር ተጭነው መጡ። ቢጫ፣ ዓይን የሚወጋ ቢጫ ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ በሰማያዊ «ይህ መምህር በሬይናንቴ ሶሊዱም የተለገሰ ነው» ይላል። ማም ሚነርቫ መምህራኑን ሰብስበው ነገሩን እንዳለ ተናገሩ። ደመወዝ ይመለሳል፤ በሥራ ሰዓት ይህ ይለበሳል፤ የማይፈልግ አይገደድም።  እንግሊዝኛ የምታስተምረው ቴልማ ሸሚዙን ዘርግታ አየችው፤ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«እኔ አግዳሚ ወንበር አይደለሁም ማም» አለች።

«አውቃለሁ፣ ቴልማ።»

«ካወቁማ ምን ልበል።» ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ዛሬ ቤቷ ሆና በኮምፒውተር ለኮሪያ ሰዎች እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ኑሮዋም ከእኛ የተሻለ ነው ይባላል።

ጆቨን ግን እዚያው ሸሚዙን አውልቆ ቢጫውን ለበሰ። እጁን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገ። «ልክ ነው» አለ፤ «ብብቱ ላይ ትንሽ ጠቦኛል።» ሌሎቹ ሳቁና አንድ በአንድ አነሱ።

ገበያ የሄደ ቀን ዓሣ ሻጮቹ ጠበቁት።

«ኖንግ ጆቨን፣ ወንድሜ፣ ተሸጥክ እንዴ?» አለችው አንዷ።

«ተለገስኩ እንጂ። ብሸጥማ ገንዘቡ ለእኔ ይደርስ ነበር።»

«እስቲ ዙር፣ የተመረትክበት ቀን አለበት?»

«አለበት፤ የሚበላሽበትን ግን ሚስቴ ናት የምታውቀው።»

ገበያው በሳቅ ሞላ። እሱም አብሮ ሳቀ። ኋላ ግን ኩሬው ዳር ብቻውን ተቀምጦ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶት አየሁ፤ ጽሑፉን ወደ ውስጥ። ሰው ሲመጣ አስተካክሎ ይለብሰዋል።

አንድ ቀን በሬይናንቴ እናት ደጃፍ ሲያልፍ አሮጊቷ ጠሩት። በራፋቸው ላይ ነው የሚቀመጡት። «ና፣ ጎንበስ በል» አሉት። ጎንበስ ሲል በጣታቸው የልጃቸውን ስም ፊደል በፊደል ተከተሉት፤ ከመጨረሻው ሲደርሱ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ጆቨን ወገቡን ይዞ ቆየላቸው። ሲጨርሱ አንድ ዘለላ ሙዝ ሰጡት። ይህን ለማም ሚነርቫ ሲነግራቸው እኔም ነበርኩ። «ጥሩ ነው» አሉ። ሙዙን ለሁላችን አካፈለን።

የሸሚዙ ነገር በፌስቡክ ዞረ። ያልጠበቅነው እዚህ ላይ ነው። አንድ የመርከበኞች ባች ከባሕር መሐል ደወለልን። «ኬሚስትሪ ሦስት ጊዜ የወደቀ ሰው መምህር ካለው እኛ ለምን አይኖረንም?» አሉ። የሂሳብ መምህሩን ወሰዱት፤ ጥቁር ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ከመልሕቅ ሥዕል ጋር። ሆንግ ኮንግ በሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋን ጠየቁ፤ የእሷ ሐምራዊ ሆነ። ማም ሚነርቫ ስልኩ ላይ ተቀምጠው ሲያከፋፍሉ ይውላሉ፤ «ባዮሎጂ ተይዟል፤ የመረብ ሥራ መምህር አለ» ይላሉ፤ ልክ እንደ ሱቅ። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል መምህራኑን ስታያቸው የቅርጫት ኳስ ውድድር ነው የሚመስለው። እርስ በርሳቸውም «ዛሬ ከሶሊዱም ጋር የሚጫወተው ማን ነው?» ይባባላሉ። ኮሌጁ በዚያ ዓመት አንድም ክፍል አልዘጋም። መብራቱም ከሰዓት በኋላ ይበራ ጀመር።

ማም ሚነርቫን ይህ ደስ ብሏቸዋል ይባል ይሆናል። እኔ ደስ ሲላቸው አላየሁም፤ ሲከፋቸውም አላየሁም። አንድ ጠዋት በመስኮት ቆመው ያን ሁሉ ቀለም ሲያልፍ እያዩ ነበር። «ማም፣ ምን ያስባሉ?» አልኳቸው።

«ምንም» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ከዚያ ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት ኦዲተሮች መጡ። አንድ ሰው የሸሚዞቹን ፎቶ ልኮላቸው ኖሯል። ዋናዋ ወጣት ሴት ነበረች፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ አጥብቃ ያሰረች፣ ጨዋ። ማም ሚነርቫ ፊት ተቀምጣ ቢጫውን ሸሚዝ ዘረጋች።

«የመንግሥት መምህር ጀርባ ላይ የነጋዴ ስም?»

«አዎ።»

«ሐሳቡ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ማም… አላፈሩም?»

ማም ሚነርቫ ወደ ጣሪያው ተመለከቱ፤ አንድ የጠፋ ዕቃ የት እንዳስቀመጡ እንደሚያስታውስ ሰው። ከግድግዳው ማዶ ሆኜ መልሱን እኔም ጠበቅሁ።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፤ «ማፈር መቼ እንደተውኩ እያሰብኩ ነው። ላስታውሰው አልቻልኩም።»

ልጅቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልጠየቀችም፤ ስትወጣም እጃቸውን ይዛ ግንባሯን አስነካች። ውሳኔው ግን ያው ነው። ሸሚዞቹ ይውለቁ፤ ስጦታ የሚሰጥ ሰው ካለ ገንዘቡ በመንግሥት ሂሳብ ይግባ፤ የማንም ስም የትም አይጻፍ ተባለ።

ነገሩን ለባቾቹ የነገሩት በክብረ በዓሉ ሰሞን፣ በስፖርት አዳራሹ ውስጥ ነው። አሳማው ተጠብሶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፤ ሙዚቃው ሰማይ ይነካል። ማም ሚነርቫ መድረክ ላይ ወጥተው ማይክሮፎኑን ሁለቴ መታ መታ አደረጉ።

«ከዛሬ ጀምሮ ስማችሁ ከሸሚዙ ይነሳል» አሉ። «መምህራኑ ግን አሉ፤ ነገም ሩዝ ይበላሉ። መክፈል የምትፈልጉ ሳይጻፍላችሁ ክፈሉ። የማትፈልጉ አሳማው ሳይበርድ ብሉ።»

አልተጨበጨበም። አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ምግቡ ሄደ። ሬይናንቴ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ፊቱ ቀልቷል።

«ማም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እናቴ… እርስዎ ያውቁታል።»

«አውቃለሁ። በሩን ሥራላት።»

ሠራው። አራተኛው በራችን ነው፤ ዓሦቹ ከሩቅ ይታያሉ። መርከበኞቹ ግን መክፈላቸውን ቀጠሉ። የባቹ ሊቀመንበር ምን አለ መሰላችሁ? «ዕድሜ ልካችንን የሠራንበት መርከብ ላይ እንኳ ስማችን አልተጻፈም፤ ምን አዲስ ነገር አለ» አለ። የሆንግ ኮንግ ሴቶችም እንደ አቅማቸው ላኩ፤ አንዷ ሥራ የለቀቀች ጊዜ ታቆማለች፣ ስታገኝ ትቀጥላለች። ማም ሚነርቫ የተገኘውን ለሁሉም እኩል ከፋፈሉት። ለሁሉም ሲደርስ ለማንም አልበቃም።

ጆቨን ያን ጊዜ ነው ብሩናይ ውስጥ የሽሪምፕ እርባታ ሥራ ያገኘው። ሊነግራቸው ሲመጣ ያኔም ቆሞ ነበር የተናገረው። «ሂድ» አሉት፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። የሚሄድ ዕለት ግን «ዳይ፣ ወደብ ድረስ እንሂድ» አሉኝ። ሚስቱና ልጆቹ ከዘመዶቹ ጋር ቆመዋል። እጃቸውን ይዞ ግንባሩን አስነካ።

«ማም፣ ኩሬውን ለሦስተኛ ዓመቶቹ አሳይቻቸዋለሁ። ውኃው ሲሞቅ ብቻ እንዲጠነቀቁ ይንገሩልኝ።»

«እነግራቸዋለሁ። በልተሃል?»

«በልቻለሁ ማም።»

መርከቡ ሲነቃነቅ ሚስቱ ማልቀስ ጀመረች። ማም ሚነርቫ አጠገቧ ቆመው ዣንጥላቸውን አጋሯት፤ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። መርከቡ ከዓይን ሲጠፋ ባጃጅ ያዝን። መንገድ ላይ ሾፌሩን በድንገት አቁም አሉት፤ አንድ የባቾይ ሾርባ ቤት በር ላይ ነበርን። ገባን። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሾርባ ከነኑድሉ፣ ከነጉበቱ ጨረሱ። ሌላ አዘዙ። እሱንም ቀና ሳይሉ ጨረሱት። ላብ በግንባራቸው ይወርዳል።

«ማም፣ ደህና ነዎት?»

«ርቦኝ ነበር» አሉ። በጣም ገርሟቸው ነበር የተናገሩት። «ዳይ፣ ክፉኛ ርቦኝ ነበርኮ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየንም። ኮሌጁ ከዋናው ደሴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ይጠቃለል ተባለ፤ የራሱ ኃላፊ የሌለው ቅርንጫፍ ሆነ። አስተባባሪ ተብሎ አንድ ዶክትሬት ያለው ወጣት ተላከልን፤ በመጨረሻ ሰው ተገኘ ማለት ነው። ማዕበል ይዞት ስለነበር ከጀልባው ሲወርድ ፊቱ እንደ ሳር አረንጓዴ ሆኗል። ማም ሚነርቫ ቢሮአቸው ውስጥ ባለው አግዳሚ ላይ አስተኙት፤ ዝንጅብል አፍልተው አጠጡት። ትንሽ ሲሻለው ማስታወሻ ሊይዝ ሞከረ።

«ማም፣ እዚህ ዋናው ችግር ምንድን ነው?»

«መጀመሪያ ትውከቱ ይቁምልህ» አሉት። «ችግሩ የትም አይሄድም።»

ቁልፎቹን ትራሱ አጠገብ አስቀምጠው፣ ቦርሳቸውንና የውኃ ማሞቂያቸውን ይዘው ወጡ። መሸኛ እናደርጋለን ብለን ገንዘብ አዋጥተን ነበር፤ ዝናብ ጥሎ ቀረ፤ ከሳምንት በኋላ እቤታቸው ወስደን ሩዝና ዶሮ በላን።

አሁን የሚኖሩት ከእህታቸው ጋር፣ የባሕር ሣር በሚተከልበት መንደር ነው። ጠዋት ጠዋት ከሴቶቹ ጋር ዳሱ ሥር ተቀምጠው ችግኙን ገመድ ላይ ያስራሉ። ሴቶቹ የማኅበሩ ሊቀመንበር ይሁኑልን ብለው ለምነዋቸው ነበር። «ማሰር ብቻ ነው የምፈልገው» አሏቸው። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አብሬያቸው አስራለሁ። እጃቸው ፈጣን አይደለም፤ ቋጠሮው ይላላባቸዋል፤ ሴቶቹ እየፈቱ መልሰው ያስሩላቸዋል፤ ይህንንም እያዩ ምንም አይሉም።

ባለፈው ቅዳሜ አንዷ ሴት ስለ ቄሱ ሞተር ብስክሌት እያወራች ነበር። ቄሱ አዲሷን ሞተር ራሳቸው ጸበል ረጭተው ባርከው፣ ተቀምጠውባት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሳይርቁ የአሳማ በረት ውስጥ ገቡ። አሳማዋ ወዲያው ወለደች፤ ሰዉም ጸበሉ በማን ላይ እንደሠራ አሁን ገባን አለ። ማም ሚነርቫ ገመዱን እንደያዙ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ውኃ ልሰጣቸው ተነሳሁ። እየሳቁ ነበር። ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠርገው «ስንት ግልገል ወለደች?» ብለው ጠየቁ፤ ሴትዮዋም ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመረችላቸው።